በምናባዊ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨሮች ላይ ስም የለሽ መግቢያን ስለ መቆጣጠር

ኤፍ.ቲ.ፒ. በመባል የሚታወቀው የፋይል ማስተላለፊያ ሥርዓት ጽሑፎችን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ለማድረስ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 ቀርቦ፣ መሠረታዊው ደንብ በ1985 ወጥቷል።

ስም የለሽ መግቢያ ማለት ተጠቃሚው የራሱ መለያ ሳይኖረው «አኖኒመስ» በሚለው የጋራ ስም ገብቶ ፋይል የሚያገኝበት መንገድ ነው። በይለፍ ቃል ፈንታ የኢሜይል አድራሻ መስጠት የተለመደ ቢሆንም፣ ሰርቨሩ የአድራሻውን እውነተኛነት አያረጋግጥም። አሠራሩ ለሁሉም የተፈቀደ መማሪያ መጽሐፍን ወይም የመምህር መምሪያን ለማሠራጨት ይጠቅማል።

ችግሩ የሚነሣው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በርካታ ምናባዊ ሰርቨሮች ሲቋቋሙ ነው። አንዱ ለመማሪያ መጻሕፍት፣ ሌላው ለተማሪዎች ውጤት፣ ሦስተኛው ለፈተና ረቂቅ ተመድቧል እንበል። የአንደኛውን በር መዝጋት የሌላውን አይዘጋም። ለምሳሌ ፕሮኤፍቲፒዲ በተባለው ፕሮግራም ለዋናው ሰርቨር የተጻፈ ትእዛዝ ወደ ምናባዊዎቹ አይተላለፍም፤ ለሁሉም እንዲሠራ የተፈለገው «ግሎባል» በተባለው ክፍል መጻፍ አለበት። በቪኤስኤፍቲፒዲ ደግሞ ስለ ስም የለሽ መግቢያ ምንም ካልተጻፈ፣ ፕሮግራሙ እንደተፈቀደ ይቆጥረዋል።

በስም ብቻ መለየትም አያስተማምንም። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ሰርቨር በስም የሚገልጽበት ትእዛዝ በደንብነት የወጣው በ2014 ነው። ይህን ትእዛዝ የማይልክ ፕሮግራም፣ ሁለት ስሞች አንድ የቁጥር አድራሻና አንድ ፖርት ከተጋሩ፣ በሁለቱም ስም የሚደርሰው ወደ አንዱ ሰርቨር ነው።

በመሆኑም የሚከተሉት እርምጃዎች ሊወሰዱ ይገባል፦

ሀ/ ስም የለሽ መግቢያን በቅድሚያ በሁሉም ላይ መከልከል፤ ቀጥሎም ለተመረጠው ሰርቨር ብቻ መፍቀድ፤

ለ/ ለተፈቀደው ሰርቨር የተለየ ማኅደር መስጠትና ተጠቃሚው ከማንበብ በቀር እንዳይጽፍ፣ ከማኅደሩም እንዳይወጣ ማድረግ፤

ሐ/ ከውጭ ፋይል መቀበል ግድ ከሆነ፣ የተላከው ተመርምሮ እስኪፈቀድ ድረስ ለሌላ እንዳይታይ ማድረግ፤ ይህ ካልተደረገ ማኅደሩ ለማይታወቁ ሰዎች የሕገ ወጥ ቅጂዎች መጋዘን ሊሆን ይችላል፤

መ/ ማዋቀሪያው በተለወጠ ቁጥር በእያንዳንዱ ሰርቨር አድራሻ «አኖኒመስ» በሚለው ስም ለመግባት በመሞከር ክልከላው መሥራቱን ማረጋገጥ።

ይሁን እንጂ ስም የለሽ መግቢያን መዝጋት ብቻውን ምሥጢርን አይጠብቅም። ተራው ኤፍ.ቲ.ፒ. የይለፍ ቃልንም ሆነ ፋይልን ሳያመሰጥር ስለሚያስተላልፍ፣ የተማሪ ውጤትና የፈተና ረቂቅ በተመሰጠረ መንገድ ብቻ መላክ አለባቸው። ክሮምና ፋየርፎክስም በ2021 የኤፍ.ቲ.ፒ. አገልግሎታቸውን ስላቆሙ፣ ለሕዝብ የሚቀርበውን ጽሑፍ በድረ ገጽ ማውጣት የተሻለ ነው።

የትኛው ሰነድ ለማን ይከፈት የሚለው ጥያቄ ለቴክኒክ ሠራተኛው ብቻ የሚተው አይደለም። የዕቅድ ባለሙያውና መምህሩ ሰነዶቹን አስቀድመው በጽሑፍ ሲለዩ፣ ሠራተኛው የትኛውን በር እንደሚዘጋ በእርግጠኝነት ያውቃል።