ባለ አንቴናው ስልክ በናይሮቢ

በናይሮቢ ከተማ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ነጋዴዎች በተሰለፉበት በሉቱሊ ጎዳና፣ ከዓመታት በፊት በየመስኮቱ ተደርድሮ ይሸጥ የነበረው፣ ሁለት ሲም ካርድ የሚጎርሰውና ከጥጉ ቀጭን አንቴና የሚመዘዝለት የቻይና ስልክ፣ መልኩ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ምርት የተቀዳ ቢሆንም፣ እነርሱ ያላሰቡለትን አንድ ጸጋ ይዞ ነበር፤ ይኸውም ቴሌቪዥንን ያለ ዋጋ ማሳየቱ ነው።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። በውስጡ ያለችው ትንሽ መቀበያ፣ ጣቢያው ለየቤቱ የሚረጨውን ያንኑ የአናሎግ ሞገድ ስባ ወደ ምስልና ወደ ድምፅ ትመልሳለች፤ ሲም ካርድ አትጠይቅም፣ ሒሳብም አትቆጥርም። ስለዚህ የሌሊቱ ዘበኛ ከበሩ ሳይለይ፣ ተሳፋሪውም ማታቱ የተባለው ሚኒባስ በመኪና ብዛት ታግዶ ሳለ፣ ምስሉ ቢንቀጠቀጥና ባትሪው ቢግልም፣ በሠርክ አንድ ሰዓት የስዋሂሊውን ዜና፣ በሦስት ሰዓት የእንግሊዝኛውን ይከታተል ነበር (በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው)።

በዚያው ዘመን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ደረጃ የወጣለት ዲቪቢ-ኤች የተባለ የስልክ ቴሌቪዥን ሥርዓት፣ የየጣቢያውን ምስል ጠቅልሎ በቅጽበት ስለሚልክ፣ መቀበያው ድርሻውን ወስዶ እስከሚቀጥለው ያንቀላፋል፤ ባትሪም በዚህ ይቆጠባል። የክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅቱ መልቲቾይስ ይህን ጥበብ በዲኤስቲቪ ሞባይል ስም ወደ ናይሮቢ ቢያመጣውም፣ ለዚሁ የተሠራ ስልክ ወይም ሞገዱን ተቀብላ በዋይፋይ የምታቀብለውን ድሪፍታ የተባለች ዕቃ መግዛትን ይጠይቅ ስለነበር፣ ሕዝቡ አልተከተለውም። በእኔ አስተያየት የናይሮቢ ሰው የተመኘው አዲስ አገልግሎት ሳይሆን፣ እቤቱ ትቶት የወጣውን ቴሌቪዥን በኪሱ ማግኘት ነበር፤ ለአንዱ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈልን ግን ማን ይወዳል?

ባለ አንቴናውን ፈተና ያገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኬንያ መንግሥት አስመስለው የተሠሩ ስልኮችን ከመስመር ሲያስወጣ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ተዘጉ፤ የሚያስገርመው ግን፣ መደወል የተከለከለው ስልክ ቴሌቪዥን ከማሳየት የሚያግደው አልነበረም። እርሱን ያስቀረው በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. አናሎጉ በናይሮቢ ተዘግቶ ሥርጭቱ ወደ ዲጂታል መዛወሩ ነው፤ መቀበያው የአዲሱን ሞገድ ቋንቋ አያውቅምና። በዚያው ጊዜ ሲቲዝን፣ ኤንቲቪና ኬቲኤን የተባሉት የግል ጣቢያዎች፣ ሥርጭታችን በሌሎች ዲኮደር አይታይም በሚል ክርክር ለሦስት ሳምንት ያህል ከአየር ወጥተው፣ ባለ ትልቁም ባለ ትንሹም ቴሌቪዥን እኩል ጾመ።

ፍላጎቱ ግን ከአንቴናው ጋር አልተቀበረም። በጥር 30 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የተቃዋሚው መሪ ራይላ ኦዲንጋ በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ «የሕዝብ ፕሬዚዳንት» ነኝ ብለው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ መንግሥት የእነዚሁን ጣቢያዎች ሥርጭት ባስቋረጠ ጊዜ፣ ጣቢያዎቹ በዩቲዩብ ማስተላለፋቸውን ቀጥለው ስለነበር፣ ተመልካቹ ወደ ስልኩ ዞረ፤ ቀድሞ በነጻ ይመዝዘው የነበረውን ምስል ግን አሁን የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ ነው የሚያየው፣ ጥቅሉም ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ያልቃል።