የሞተር ሳይክል አደጋና የጉዳት ካሳ፦ ስለ ሕጉ የሚነገሩ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ታናሽ ወንድሙን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ወጣቱ በራሱ ሞተር ሳይክል ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ሲሆን፣ ከአንድ የቤት መኪና ጋር ተጋጭቶ የግራ እግሩ ተሰብሯል። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አደጋው በደረሰ በአሥረኛው ቀን፣ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በሽማግሌዎች ፊት የፈረመው ነው። «25,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» ይላል። «ዶክተር፣ ይህ እኮ ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ወረቀት ነው፤ አይያዝብኝም አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ወደዚህ ጥያቄ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ግን ያ ወጣትና ቤተሰቡ በሕጉ ላይ ይዘውት የመጡትን ሌላ ግንዛቤ ማየት ይገባናል።

የመጀመሪያው «ነጂው ካላጠፋ ካሳ የለም» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከዚህ የተለየ አቋም ይዟል። በቁጥር 2081 መሠረት የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። ሞተሩን ለጓደኛው ያዋሰ ሰው «እኔ አልነዳሁትም» ብሎ አያመልጥም። በጉዳቱ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል። ቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት አልሠራሁም» የሚለውን መከላከያ ይዘጋና፣ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ኃላፊነቱን በሙሉ ወይም በከፊል እንደሚያስቀር ይደነግጋል። ስለዚህ በሞተር የተገጨ እግረኛ የነጂውን ጥፋት የማስረዳት ሸክም የለበትም።

ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ጉዳዩ ይለወጣል። በየመንገዱ የምንሰማው ሁለት ተቃራኒ እምነት ነው፤ ገሚሱ «ትልቁ መኪና ሁልጊዜ ይከፍላል» ሲል፣ ገሚሱ «ሞተረኛ ምን ጊዜም ጥፋተኛ ነው» ይላል። ሕጉ የተሽከርካሪን ትልቅነት አይመዝንም። ቁጥር 2084 ሁለቱም ተሽከርካሪዎች ለግጭቱ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ እያንዳንዱ ባለቤትም የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ በፈተና ዘወትር ይሳሳታሉ፤ «ግማሽ» ሲባል እያንዳንዱ የራሱን ጉዳት ይቻል ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም። የሞተረኛው ሕክምናና የቀረበት ገቢ 300,000 ብር፣ የመኪናው ጉዳት 20,000 ብር ነው እንበል። ጠቅላላው ጉዳት 320,000፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 160,000 ብር ይሆናል። ባለ መኪናው 20,000 ብሩ በራሱ ንብረት ላይ ስለ ደረሰበት፣ ለሞተረኛው 140,000 ብር ይከፍላል። ይህ ግምት ግን ግጭቱ የደረሰው በአንደኛው ነጂ ጥፋት ብቻ ወይም በዋናነት በእርሱ ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ይፈርሳል። የትራፊክ ፖሊስ ፕላንና የምስክሮች ቃል ዋጋ የሚያገኙት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

«ሄልሜት ያላደረገ ካሳ አያገኝም» የሚለውም በምክንያትና በውጤት ሚዛን መታየት አለበት። ሄልሜት አለማድረግ የትራፊክ ደንብ መጣስ ነው፤ ቅጣቱም የራሱ ነው። የካሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ጥፋቱ ለዚህ ጉዳት ምክንያት ሆኗልን? እግሩ የተሰበረ ሰው ሄልሜት ቢያደርግ ኖሮ እግሩ አይድንም ነበር። ራሱን የተጎዳ ሰው ግን በቁጥር 2098 መሠረት ካሳው ሊቀነስበት ይችላል። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ ይቀነሳል ማለት ይቀራል ማለት አይደለም።

ስለ መድን ባጭሩ ልናገር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ አድርጓል። አዋጁ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ብዙ ሰው ይህን የካሳው ጣሪያ አድርጎ ይወስደዋል። መድን ሰጪው የሚከፍለው መጠን ነው እንጂ፣ ቁጥር 2091 ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ስለሚል፣ ቀሪው ከባለቤቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ባመለጠ ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰውም ባዶ እጁን አይቀርም፤ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ።

በአንጻሩ፣ ለሥቃይና ለሐዘን ብዙ ገንዘብ የሚጠብቁ አሉ። የሕሊና ጉዳት ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ሆኖ መቆየቱ፣ በእኔ እምነት፣ ሕግ አውጪውን ሊያሳፍር ይገባል። ስለዚህ የተጎጂው ኃይል ያለው በደረሰኙና በገቢ ማስረጃው ላይ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። ወደ እኔ የመጣው አደጋው በደረሰ በሃያኛው ወር ነበር። የዘገየው «የወንጀሉ ክስ ይለቅ» ብሎ ነው። ይህም ስሕተት ነው። የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ረዘም የሚለው ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ይርጋ የወሰነ እንደ ሆነ ነው። የወንጀል ችሎት ነጂውን በነፃ ቢያሰናብት እንኳ፣ ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ እንደማይገደድ ይናገራል። ቁስሉ እስኪሽርም መጠበቅ አያሻም፤ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት አስቀድሞ ሊካስ ይችላል።

ወረቀቱስ? ሽምግልና ባህላችን ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በዕርቅ የተደረገ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል፤ የፍርድ ቤት ማኅተም አያስፈልገውም። መብትን የመተው ቃል በጠባቡ እንደሚተረጎም በመያዝ፣ ገንዘቡ ለሕክምና ወጪ ብቻ የተሰጠ ነው ብለን እንድንከራከር መከርኩት። ክሱ ይርጋው ሳያልፍ ቀረበ። ተከሳሹ ያስቀደመው ማስረጃ ያችን ወረቀት ነበር፤ «ምንም ዓይነት ጥያቄ» የሚሉት ሦስት ቃላት ተነበቡ፤ መዝገቡም ተዘጋ። ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ገንዘቡን የከፈለው ተማሪዬ ነው፤ ከደመወዙ ላይ እየተቆረጠ በሚከፈል ብድር።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።