ተሸናፊ ይከፍላል

(ድምፅ፦ የቆርቆሮ በር ሲከፈት። የልጆች ጫጫታ። ከቴሌቪዥን የሚወጣ የእንግሊዝኛ የኳስ ዘገባ።)

ተራኪ፦ ካማሺ ከተማ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል፣ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ያላት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ጌም አለ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጥ ዘጠኝ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ የቀሩት ተረኛ ናቸው፣ ወይም ሳንቲም የሌላቸው ተመልካቾች። ደንቡ ከጆተኒ የተወረሰ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ከወንበሩ አይነሳም።

ማጫወቻው ፕሌይስቴሽን 3 ነው። ካሉት ሁለት ጆይስቲኮች አንዱ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ወደ ግራ ሲገፉት እንቢ ይላል፤ ስለዚህ ልጆቹ ከጨዋታ በፊት ማን እሱን ይያዝ በሚል ይጨቃጨቃሉ። የያዘው ልጅ ከተሸነፈ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ነው።

(ድምፅ፦ «ጎ...ል!» የሚል ጩኸት። ሳቅ።)

ተራኪ፦ ስክሪኑን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ግር ይለዋል። ሜሲ ዛሬም ባርሴሎና ነው። ሮናልዶ የጁቬንቱስን ጥቁርና ነጭ ለብሷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠራው የመጨረሻው ፊፋ፣ ፊፋ 19 ነው፤ እንደ እኛ አቆጣጠር በመስከረም 2011 ወጣ። ከዚያ በኋላ ሠሪው ኩባንያ ይህን ማሽን ረሳው።

መስከረም 2011 ለካማሺ ሌላ ነገር ነው። በካማሺ ዞን ግጭት ተቀስቅሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው የወጡት በዚያው ወር ነበር። እዚህ አግዳሚ ላይ ካሉት ትንንሾቹ ያኔ ገና የሚታዘሉ ነበሩ። ካማሺ በዜና ስትነሳ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። እኛ ዛሬ የመጣነው በሌላ ጉዳይ ነው፤ ልጆቹ የሚጫወቱት ጨዋታ የማን ነው ብለን ልንጠይቅ።

ባለቤቱ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት ነው። ማሽኑን የገዛው ነቀምት፣ ያገለገለውን። ጨዋታዎቹ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ተጭነው መጡ። ሲዲ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ፈቃድ የሚባል ነገርም የለም። አንዱ ትንሽ ልጅ ይጠይቀዋል።

«ጋሼ፣ አዲሱን ፊፋ አትጭንልንም?»

«ይሄ ማሽን አይችለውም። አዲስ ማሽን ያስፈልጋል።»

«ስንት ነው?»

ባለቤቱ አይመልስም። የተሸናፊውን ብር ይቀበላል።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል።)

ተራኪ፦ ጨዋታው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ባሕር ማዶ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ጥር 10 ቀን 2014 ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ልገዛ ነው አለ። በቪዲዮ ጌም ታሪክ እንዲህ ያለ ግዢ ታይቶ አያውቅም። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ የተባለው የጌም ማጫወቻ ባለቤት ነው። አክቲቪዥን ደግሞ ከ1996 ጀምሮ በየጊዜው የሚወጣውን የተኩስ ጨዋታ፣ ኮል ኦፍ ዱቲን የሚያዘጋጅ ነው። ስጋቱ ለመረዳት አይከብድም። የጆተኒ ጠረጴዛ ያለው ሰው በሰፈሩ ያለችውን ብቸኛ ኳስ ቢገዛስ? ኳሷን ለጎረቤት ጠረጴዛ ያከራያል ወይስ ይደብቃል?

የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ይደብቃል አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በኅዳር 2015 መጨረሻ ክስ መሠረተ። ኮሚሽኑ እንደ ማስረጃ ካነሳቸው አንዱ ያለፈ ታሪክ ነበር። ማይክሮሶፍት ቀደም ሲል ቤቴስዳ የሚባለውን የጌም አዘጋጅ የያዘውን ኩባንያ በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል፤ ከዚያ በኋላ ስታርፊልድ የተባለው ትልቅ ጨዋታ ፕሌይስቴሽን ላይ እንዳይወጣ አደረገ። ያኔ እንዲህ ያደረገ አሁን ለምን አያደርግም?

ሙግቱ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዳኛ ዣክሊን ስኮት ኮርሊ ችሎት ታየ። ፍርድ ቤት ኩባንያዎችን እርቃናቸውን ያስቀራል። ሶኒ ምስጢሩን በጥቁር እስክሪብቶ አጥፍቶ ሰነድ አስገባ፤ ሰነዱ ስካን ሲደረግ ግን ቀለሙ ሥር ያለው ቁጥር ይነበብ ነበር። አንድ ጨዋታ ለመሥራት ብቻ 220 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣ ዓለም ያወቀው በዚህ ነው። የሶኒ የጌም ክፍል የያኔው ኃላፊ ጂም ራያን ግዢው በተሰማ ሰሞን የጻፈው ኢሜይልም ወጣ፤ ነገሩ ጨዋታውን ለመደበቅ ነው ብሎ እንደማያምን ለቀድሞ ባልደረባው ጽፎ ነበር። በአደባባይ ሲያለቅስ የከረመው ኩባንያ በጓዳው ተረጋግቶ ነበር ማለት ነው። ዳኛዋ በሐምሌ 2015 መጀመሪያ የኮሚሽኑን የእግድ ጥያቄ ውድቅ አደረገች።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ሙግት የለንደኑ ይበልጥብኛል።

(ድምፅ፦ የጄኔሬተር ድምፅ ከሩቅ።)

ተራኪ፦ የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን የኮል ኦፍ ዱቲን ጭቅጭቅ መጋቢት 2015 ላይ ትቶ ሌላ ነገር ላይ አተኮረ፤ ክላውድ ጌሚንግ ላይ። ይህ ማለት ጨዋታው ቤትህ ያለ ማሽን ላይ አይደለም። ሩቅ አገር በተተከለ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ምስሉ ብቻ በኢንተርኔት ይደርስሃል፣ አንተ በየወሩ ትከፍላለህ። መክፈል ስታቆም ጨዋታው ይጠፋል። ባለሥልጣኑ ከዓለም የክላውድ ጌሚንግ አገልግሎት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ማይክሮሶፍት እጅ ነው ብሎ ገመተ። ኩባንያው ዊንዶውስ አለው፣ ኤክስቦክስ አለው፣ ኮምፒውተሮቹ የተደረደሩባቸው ግዙፍ ማዕከሎች አሉት። በዚህ ላይ ተፈላጊዎቹ ጨዋታዎች ከተጨመሩለት ገና ዳዴ የሚል ገበያ ከወዲሁ ይጠቀለላል ብሎ ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ግዢውን ከለከለ።

ብራስልስ በዚያው ጉዳይ ሌላ መንገድ ያዘ። የአውሮፓ ኮሚሽን ግንቦት 7 ቀን ፈቀደ፤ ቅድመ ሁኔታው ጨዋታውን የገዛ ሰው ለ10 ዓመት በፈለገው የክላውድ አገልግሎት እንዲጫወተው ነው። ማይክሮሶፍትም ለንደንን ለማሳመን የአክቲቪዥንን ጨዋታዎች ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ በክላውድ የማቅረብ መብት ለፈረንሳዩ የጌም ኩባንያ ዩቢሶፍት አሳልፎ ሰጠ፤ ስምምነቱ በቀጣዮቹ 15 ዓመታት የሚወጡትንም ይጨምራል። ለንደን ጥቅምት 2 ቀን 2016 ፈቀደች፤ ግዢው በዚያው ቀን ተጠናቀቀ። በጥር ወር ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞችን አሰናበተ።

ከአህጉራችን የደቡብ አፍሪካው የውድድር ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ተቃውሞ እንደሌለው ሚያዝያ 2015 አሳውቋል። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ብራዚል፣ ጃፓን፣ ቻይና ሁሉም አይተው አሳልፈውታል። ካማሺ ያሉት ልጆች ግን ከየትኛው ገበያ ይቆጠሩ?

ሕግ አጥተን አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የኩባንያዎችን ውህደት ይመለከታል። ሊዋሃዱ ያሰቡ አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው፤ ሳይፈቀድላቸው መዋሃድ አይችሉም። አዋጁ የሚሠራውም አገር ውስጥ በተፈጸመ ንግድ ላይ ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ውጤት ባለው ላይም ነው። ሥራው በመጀመሪያ ለብቻው የቆመ ባለሥልጣን ነበረው፤ ከ2014 ወዲህ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጥቷል። ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ የኮሜሳ አባል ናት፤ የኮሜሳ የውድድር ተቋም ደግሞ ሊሎንግዌ ማላዊ ተቀምጦ ድንበር ዘለል ውህደቶችን ይመረምራል።

ታዲያ «ውጤት» የሚለካው በሽያጭ ነው። ሶኒ የኢንተርኔት መደብሩን ከከፈተላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የካማሺው ማሽን በሌላ ሰው እጅ አልፎ ደረሰ፤ ጨዋታው ተቀድቶ ተጫነ። በሻጩ መዝገብ እነዚህ ዘጠኝ ልጆች የሉም። የሌለ ገበያ ደግሞ አይጎዳም።

(ድምፅ፦ የስልክ ጌም ድምፅ፤ አጫጭር ደወሎች።)

ተራኪ፦ ከተመልካቾቹ አንዱ ተራው እስኪደርስ የእህቱን ስልክ ይዟል። ቀለማቸው የተለያየ ከረሜላዎችን ሦስት ሦስት እያደረገ ያፈነዳል። ካንዲ ክራሽ ነው። ይህን ጨዋታ ያወጣው ኪንግ የተባለ ኩባንያ በአክቲቪዥን የተገዛው በ2008 ነው፤ አክቲቪዥን ራሱ ሲሸጥ አብሮ ወደ ማይክሮሶፍት ገባ። ማይክሮሶፍት ራሱ ለግዢው ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የስልክ ጌም ነበር። እንግዲህ በዚህች ክፍል ውስጥ ግዢው በቀጥታ የነካው ሰው ይህ ልጅ ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ማስታወቂያ ይመጣለታል፤ ሲጠፋ ከረሜላው ብቻ ይቀራል።

ሁሉንም ነገር አንድ ድርጅት ሲይዘው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ካማሺ ለንደን መሄድ አያስፈልጋትም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ስልክ ማለት ቴሌ ነበር። ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። ዳኛ የሚሆናቸው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንኳ የተቋቋመው በ2011 አዋጅ ነው። ለንደኖች ስለ ክላውድ ጌሚንግ ሲከራከሩ የኢንተርኔት መስመሩ አለ ብለው ነው። እኛ ዘንድ ጥያቄው ከመስመሩና ከመብራቱ ይጀምራል። ጷጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ነው። ካማሺ ላይ መብራት ሲጠፋ ይህን የማያነሳ ሰው የለም።

(ሙዚቃ።)

ተራኪ፦ አሁን ደግሞ ተረኛው ራሱ ፊፋ ነው። መስከረም 19 ቀን 2018 የጨዋታው ሠሪ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ55 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ መሆኑ ተነገረ። ገዢዎቹ የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ፣ የኢንቨስትመንት ኩባንያዎቹ ሲልቨር ሌክ እና የጃሬድ ኩሽነር አፊኒቲ ፓርትነርስ ናቸው። ከገንዘቡ 20 ቢሊዮን ዶላሩ ብድር ነው። የአሜሪካ ሴናተሮች ኤልዛቤት ዋረንና ሪቻርድ ብሉመንታል የውጭ መንግሥት ተጽዕኖ ያሰጋል ብለው ደብዳቤ ጻፉ። የጌም ሠራተኞች ማኅበርም ዕዳው በሥራ ቅነሳ እንዳይወራረድ ተቆጣጣሪዎች ይመርምሩልን አለ። ሁለቱም ስጋት ያስኬዳል፤ ወደ እኔ የሚቀርበኝ ግን የሠራተኞቹ ነው። ብድር ወለድ አለው፣ ወለዱን ደግሞ አንድ ሰው መክፈል አለበት።

ጨዋታው ስሙንም ከቀየረ ቆይቷል። ኩባንያው ከፊፋ ጋር ተለያይቶ ከ2016 መግቢያ ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ እያለ ይሸጠዋል። ካማሺ ግን ፊፋ ብላ እንደጠራችው አለች።

ባለቤቱን ስለ ክላውድ ነገርነው። ማሽን አያስፈልግም፣ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ይበቃል፣ በየወሩ ይከፈላል አልነው። ጥቂት አሰበ።

«ሃርድ ዲስኩስ?»

«የለም። ጨዋታው እዚያው እነሱ ጋ ነው።»

«ኔትወርክ ከሌለስ?»

«አይሠራም።»

«እንግዲያስ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?» አለና በፕላስተር የታሸገውን ጆይስቲክ አንስቶ ገመዱን ማስተካከል ጀመረ።

(ድምፅ፦ ቴሌቪዥኑ ድንገት ዝም ይላል። የልጆች «እ...ይ!» የሚል ጩኸት።)

ተራኪ፦ መብራት ጠፋ። ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ አንድ ለአንድ ናቸው። ክፍሏ በስልክ መብራት ፈዘዝ ብላ ትታያለች። ማንም ከቦታው አልተነሳም።

«እና ማን ይክፈል?» አለ የተበላሸውን ጆይስቲክ የያዘው።

«አልተሸነፍኩም» አለ ሌላው።

«እኔም አልተሸነፍኩም።»

ባለቤቱ በጨለማ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

(ድምፅ፦ ጫጫታው ቀስ እያለ ይጠፋል።)