የሶፍትዌር ችግር ጥቆማዎችን በራሱ የሚለይ ሥርዓት እንዴት ይሠራል? አማርኛስ በመዝገቡ ውስጥ ምን ይገጥመዋል?

አንድ ሶፍትዌር ተሠርቶ ለተጠቃሚ ከደረሰ በኋላ ሥራው አያበቃም። አንዱ ተጠቃሚ ገጹ አልከፈት ይለዋል፤ ሌላው ያስገባው ቁጥር ከሪፖርቱ ይጠፋበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይበላሽበት አዲስ አገልግሎት እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የሚሰፍርበት የጋራ መዝገብ አለ። ማንኛውም ተጠቃሚ የገጠመውን ጽፎ ያስገባል፤ ጥቆማው ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ችግሩ ተፈትቶ እስኪዘጋ ድረስም ታሪኩ በዚያው ይመዘገባል።

ጥቆማው ለሚመለከተው ባለሙያ የሚደርሰው ግን መለያ ሲሰጠው ነው። በርካታ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች የሚስተናገዱበት ጊትኸብ ለእያንዳንዱ አዲስ ፕሮጀክት ዘጠኝ መለያዎችን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ከእነዚህ መካከል “ስህተት”፣ “ማሻሻያ”፣ “ጥያቄ”፣ “ተደጋጋሚ” እና “እገዛ ይፈለጋል” የሚሉት ይገኙበታል። ትልልቅ ፕሮጀክቶች ደግሞ ችግሩ የትኛውን የሶፍትዌሩን ክፍል እንደሚመለከትና ምን ያህል አስቸኳይ እንደሆነ የሚያመለክቱ የራሳቸውን መለያዎች ይጨምራሉ።

ነገሩ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከሚገባ ደብዳቤ ጋር ይመሳሰላል። ደብዳቤው ወደ ትክክለኛው ክፍል ከተመራ ባለጉዳዩ ምላሽ ያገኛል፤ ወደማይመለከተው ክፍል ከተመራ ግን ማንም ሳይከለክለው፣ ማንም ሳይመልሰው ከፋይል ውስጥ ይቀራል። በሶፍትዌር መዝገብም መለያ ማለት ምሪት ማለት ነው። አቤቱታውን ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚያየው የሚወሰነው በዚያች አጭር ቃል ነው።

ጉዳዩ ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ከኩታበርም የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ጤና ተቋማት መረጃቸውን የሚያጠናቅሩበት ዲኤችአይኤስ 2 የተሰኘው ሥርዓት በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚለማ፣ የፕሮግራም ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም ያስተናግዳል። የችግር መዝገቡ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በኩታበር ወረዳ የሚሠራ አንድ የጤና ባለሙያ “የጳጉሜን ቀን ሳስገባ አልቀበል አለኝ” ብሎ ለእንዲህ ያለ መዝገብ ቢጽፍ ጥቆማው በብዙ መንገድ ሊነበብ ይችላል። “ጥያቄ” የሚል መለያ ቢሰጠው የአጠቃቀም መመሪያ ወደሚያዘጋጁት ሰዎች ይሄዳል። “ስህተት” እና “የዘመን አቆጣጠር” የሚሉት መለያዎች ከተሰጡት ግን አሥራ ሦስተኛውን ወር በትክክል ማስላት ያለበትን ክፍል ወደሚያውቀው ባለሙያ ይደርሳል። የተጻፈው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ የጥቆማው ዕጣ በምሪቱ ይለያያል።

ይህን የመለየት ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲያከናውን የቆየው ሰው ነው። የጥቆማው ብዛት ሲጨምር ግን የሰው ዓይን ብቻውን አይበቃም። ማይክሮሶፍት እንደ ጎርጎሮሳዊያን አቆጣጠር በ2020 ይፋ ባደረገው ጽሑፍ፣ 47 ሺህ የሚሆኑ የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ በወር ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ የስህተት መዝገቦችን እንደሚያስመዘግቡ ገልጿል። ኩባንያው የደኅንነት ስጋት ያለባቸውን ጥቆማዎች ከሌሎቹ የሚለይ ሥርዓት ለመገንባት የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፋየርፎክስ የተሰኘውን ብራውዘር የሚያለማው ሞዚላም በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቆማዎችን ይቀበላል። አንድን ጥቆማ በሰው ወደ ትክክለኛው ክፍል ለመምራት ጊዜ ይወስድ ነበር።

ሞዚላ በ2019 ያስተዋወቀው ባግባግ የተሰኘ መሣሪያ የአሠራሩን ምንነት በግልጽ ያሳያል። ባለሙያዎቹ ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት በሰው የተመሩ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ጥቆማዎችን ለማሽኑ አቀረቡለት። ማሽኑ እያንዳንዱ ቃል ከየትኛው መለያ ጋር አብሮ እንደሚገኝ ያሰላል። “ቪዲዮ” እና “ድምፅ” የሚሉ ቃላት የበዙበት ጥቆማ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ክፍል፣ “የይለፍ ቃል” የሚል ያለበት ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል ሲመራ ከቆየ፣ ይህንኑ ልማድ በቁጥር ይይዛል። አዲስ ጥቆማ ሲገባ ለእያንዳንዱ መለያ ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውም ይመረጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

የመሣሪያው ብልኃት ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ዝም ማለት በማወቁ ላይ ነው። ማሽኑ ስለ መልሱ ያለው እርግጠኝነት ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ምንም መለያ አይሰጥም፤ ጥቆማውን ለሰው ይተወዋል። ሞዚላ በዚህ አሠራር ማሽኑ ከሚሰጣቸው ምሪቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትክክል መሆናቸውን አስታውቋል። ቀሪዎቹን ሰው ያርማል፤ እርማቱም ለቀጣዩ ሥልጠና ትምህርት ይሆናል።

ማሽኑ ከሰው የሚማር በመሆኑ ግን የሰውንም ስህተት አብሮ ይማራል። ኪም ሄርዚግ፣ ሳሻ ዩስት እና አንድሪያስ ዘለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት ክፍት የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች የተወሰዱ ከ7 ሺህ በላይ ጥቆማዎችን አንድ በአንድ አንብበው ነበር። “ስህተት” ተብለው ከተመዘገቡት መካከል 33 ነጥብ 8 በመቶ የሚሆኑት በእርግጥ የሶፍትዌር ስህተት ሳይሆኑ የማሻሻያ ጥያቄዎች፣ የመመሪያ ጉድለቶች ወይም ሌሎች ጉዳዮች ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ካለው መዝገብ የተማረ ማሽን የወረሰውን ስህተት በፍጥነት ያባዛዋል።

የትክክለኛነት መቶኛም ቢሆን አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። ከ1 ሺህ ጥቆማዎች መካከል አሥሩ ብቻ የደኅንነት አደጋ ያለባቸው ናቸው እንበል። ሁሉንም “አደጋ የለባቸውም” የሚል ማሽን 99 በመቶ ትክክል ነው ይባላል፤ ይሁንና ከአሥሩ አንዱንም አላገኘም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ በአጠቃላይ ስንቱን እንዳገኘ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት የሆኑትን ስንቱን እንዳሳለፋቸውም ጭምር እንጂ።

በእንግሊዝኛ ጥቆማዎች በተሞላ መዝገብ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ጥቆማ ከእነዚህ ጥቂቶች ወገን ነው። የቋንቋው ጠባይም ለማሽኑ የራሱ ፈተና አለው። የመጀመሪያው ፊደሉ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ በድምፅ አይለያዩም። በመሆኑም አንዱ “ገጹ አይከፈትም” ብሎ ሲጽፍ ሌላው “ገፁ አይከፈትም” ይላል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው። ፊደሉን አስቀድሞ አንድ ወጥ ላላደረገ ማሽን ግን “ገጹ” እና “ገፁ” የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና የቃሉ አረባብ ነው። “ስላልተከፈተልኝ” የሚለው ቃል ምክንያትን፣ አሉታን፣ ድርጊቱንና ባለጉዳዩን በአንድ ላይ ይዟል። “ከፈተ” ከሚለው ግሥ “አልተከፈተም”፣ “ሲከፈት”፣ “እንዲከፈትልን” እና ሌሎችም በርካታ ቅርጾች ይወጣሉ። ቃላትን እንደ ድንጋይ ጠጠር አንድ በአንድ የሚቆጥር ማሽን እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ይቆጥራቸዋል፤ እያንዳንዱን ቅርጽ ለመማር የሚያስፈልገውም ምሳሌ እንዲሁ ይበዛል። በዚህ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፍ አማርኛና ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ የሙያ ቃላት ሲቀላቀሉ ችግሩ ይደራረባል።

ይህ ማለት ግን አማርኛ በማሽን ሊለይ አይችልም ማለት አይደለም። ሳሙኤል እያሱ እና ቢዮርን ጋምቤክ በ2005 የአማርኛ ዜናዎችን በኒውራል ኔትወርክ ለመመደብ ያደረጉትን ሙከራ አሳትመዋል። የተሻለው ሞዴላቸው ከዚያ በፊት ያላያቸውን ዜናዎች ሲመድብ 69 ነጥብ 5 በመቶ ትክክለኛነት አስመዝግቧል። እስራኤል አበበ አዚሜ እና ነቢል መሐመድ በ2021 ከ50 ሺህ በላይ ዜናዎችን በስድስት ዘርፍ የመደበ የአማርኛ የመረጃ ስብስብ ለተመራማሪዎች ክፍት አድርገዋል። በ2023 የወጣው ማሳካኒውስ የተሰኘው ስብስብ ደግሞ አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛንና ሶማልኛን ጨምሮ በአፍሪካ በስፋት የሚነገሩ 16 ቋንቋዎችን ይዟል።

ሆኖም ዜና የችግር ጥቆማ አይደለም። ዜና በአርታኢ እጅ ያለፈ የተስተካከለ ጽሑፍ ነው፤ ጥቆማ ግን ሥራ ተበላሽቶበት በችኮላ ከሚጽፍ ሰው የሚመጣ ነው። ማሽኑ የኩታበሩን ባለሙያ ዓይነት ጽሑፍ እንዲያውቅ ከተፈለገ እንዲህ ያሉ ጥቆማዎች ሊሰበሰቡ፣ የግል መረጃ ከውስጣቸው ሊወጣና በአማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ መለያ ሊሰጣቸው ይገባል።

በቅርብ ዓመታት የመጡት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ለየፕሮጀክቱ ልዩ ሥልጠና ሳያስፈልጋቸው፣ የመለያዎቹ ዝርዝርና ትርጉም ብቻ ተሰጥቷቸው ጥቆማን መመደብ ይችላሉ። ይህ የምሳሌ እጥረትን ያቃልላል፤ አዲስ አደጋም ይዞ ይመጣል። ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ክፉ ያሰበ ሰው በጥቆማው ውስጥ ለማሽኑ ትእዛዝ መስሎ የሚነበብ ጽሑፍ ሊያስገባ ይችላል። ስለሆነም መለያ ለሚሰጥ ማሽን መለያ ከመስጠት ያለፈ ሥልጣን አለመስጠት ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ጥቆማ መዝጋት፣ የፕሮግራም ጽሑፍ መለወጥም ሆነ ምስጢራዊ መረጃ ማየት አይኖርበትም።

ትክክለኛ መለያ ጠቃሚ የሚሆነው ለአቤት ባዩ ብቻ አይደለም። በጊትኸብ ከተዘጋጁት ዘጠኝ መለያዎች አንዱ ለጀማሪ ተስማሚ የሆኑ ሥራዎችን ያመለክታል። ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ወጣት በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት ሶፍትዌር ላይ እጁን ማሳረፍ ቢፈልግ በሩ ይህ መለያ ነው። የዘመን አቆጣጠርን ወይም የግዕዝ ፊደልን የሚመለከት ችግር በትክክል ተለይቶ ከተቀመጠለት፣ ጉዳዩን ከሩቅ አገር ባለሙያ በተሻለ የሚያውቀው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ጥቆማ አቅራቢውም ምሪቱን ሊያግዝ ይችላል። ምን ለማድረግ እንደፈለገ፣ ምን እንደተፈጠረና በማያው ላይ የታየውን የስህተት መልእክት ቃል በቃል ቢጽፍ ሰውም ማሽኑም ይረዱታል። ሰዓት ሲጠቅስም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን መግለጽ ይበጀዋል፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት በውጭ ላለ ባለሙያ ሌሊት መስሎ ሊታየው ይችላልና።

የመዝገቡ ባለቤቶች ኃላፊነት ግን ከዚህ ይበልጣል። ማሽኑ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ ጥቆማውን የሚያነብ ሰው መመደብ፣ አቅራቢው የተሰጠው መለያ ስህተት ነው የሚልበትን መንገድ መክፈትና ውጤቱን በየቋንቋው ለይቶ መመዘን ይጠበቅባቸዋል። አማካይ ውጤቱ መልካም ሆኖ ሳለ በአማርኛ የተጻፉት ጥቆማዎች በሙሉ ወደማይመለከተው ክፍል እየተመሩ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያሳየው ለብቻው የተቆጠረ ቁጥር ብቻ ነው።