የሕግ ትምህርት ቤት አገባብና የሁለት ቋንቋ ጉዳይ

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚወጡት ወጣቶች መካከል «ሕግ መማር እፈልጋለሁ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ አንዱ ዳኝነትን፥ ሌላው ጥብቅናን፥ ሦስተኛው የመንግሥት ሥራን ይጠቅሳል። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥና ሥራው በምን ቋንቋ እንደሚፈጸም አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአገራችን የሕግ ተማሪ የሚማረውና የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ሲሆን፥ ተመርቆ የሚሠራው ግን በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ክፍተት ከምን እንደመጣ፥ ጉዳቱም በማን ላይ እንደሚወድቅ ማስረዳትና ለማመልከት ለሚያስቡም ሆነ ገብተው ለሚማሩ ጓደኞቻችን የሚጠቅመውን ማመልከት ነው።

፩. ስለ አገባቡ

ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከተፈታኞቹ መካከል ከመቶ 4 እጅ እንኳ አልሞሉም። ያለፉት ተማሪዎች እንደ ውጤታቸውና እንደ ምርጫቸው በትምህርት ሚኒስቴር ይመደባሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ጭምር ይመዝናል።

ሕግ የመረጠው ተማሪ አምስት ዓመት ይማራል። በመጨረሻም የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። ይህ የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ. ም. ለሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ከመደረጉ በፊት በሕግ ትምህርት ተጀምሮ የቆየ ነው። ጠበቃ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዲግሪው ላይ የሥራ ልምድና የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በቀድሞው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መልቀቂያ ፈተና አማርኛ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ከግዴታ ትምህርቶች አንዱ ነበር። በኋላ በተተካው የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ግን የአማርኛ ፈተና ቀርቷል። እንግዲህ አንድ ወጣት በፍርድ ቤት ክስ ሊጽፍበትና መልስ ሊሰጥበት የሚገባውን ቋንቋ ማወቅ አለማወቁ ሳይመዘን የሕግ ትምህርት ቤትን ደጃፍ ያልፋል ማለት ነው።

፪. ክፍተቱ ከምን መጣ?

የሕግ ጽሑፍ ከሕዝቡ መነጋገሪያ የተለየ መሆኑ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዓረብኛ የተጠናቀረ ሲሆን፥ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ተራው ባላገር ግዕዝ አይሰማም ነበር። ነገር ግን በመጻሕፍት ቤት ንባቡ ብቻውን አይሰጥም፤ መምህሩ የግዕዙን ቃል አንብቦ ምሥጢሩን በአማርኛ ይተረጉማል፤ ተማሪውም ንባቡን ከነትርጓሜው ይቀጽላል። ስለዚህ ሊቁ በችሎት ተጠርቶ ሲጠየቅ ጥቅሱን በግዕዝ ቢጠራም፥ ፍቺውን ለተሟጋቾቹ በአማርኛ ለመናገር አይቸገርም ነበር።

ዘመናዊዎቹ የሕግ መጻሕፍት የመጡት በሌላ መንገድ ነው። በ1949 ዓ. ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊስ ተወላጁ ዣን ግራቨን፥ በ1952 ዓ. ም. የታወጀውንና 3367 አንቀጾች ያሉትን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው። ረቂቆቹ የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነበር፤ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐሙ። የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ. ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት፥ የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል አሜሪካዊ ነበሩ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ሆኖም ፋኩልቲው ማሳተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ገና ከመነሻው በሁለቱም ቋንቋዎች መዘጋጀቱ፥ ችግሩ በዚያን ጊዜም ተሰውሮ እንዳልነበረ ያሳያል።

ዛሬ መምህራኑ በአመዛኙ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ከአዲስ አበባ ሌላ በመቀሌ፥ በባሕር ዳር፥ በጅማ፥ በሐዋሳ፥ በሐረማያና በሌሎችም ስፍራዎች ተከፍተዋል። የማስተማሪያው ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ እንደ ሆነ ነው። በመጻሕፍት ቤት የነበረው ትርጓሜ ቀርቶ ንባቡ ብቻ የቀረ ይመስላል።

፫. የቃላት ምሳሌ

ጉዳዩ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ቃላትን እንመልከት።

«ዋስትና» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በወንጀል ጉዳይ ዋስትና ማለት የተያዘ ሰው በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ መተማመኛ ሰጥቶ የሚፈታበት መንገድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባለዕዳው ሳይከፍል ቢቀር ሌላ ሰው ለመክፈል የሚገባው ግዴታ ነው። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ተማሪው ሁለቱን ቃላት በሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ይማራቸዋል፤ ባለጉዳዩ ግን ሁለቱንም «ዋስ ሆንሁ» ብሎ ነው የሚመጣው።

«ኪሣራም» እንዲሁ ነው። ተበዳዩ የሚጠይቀው የጉዳት ካሣ ኪሣራ ይባላል፤ ተረቺው ለረቺው የሚከፍለው ወጪና ኪሣራ ይባላል፤ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ነጋዴ የሚወድቅበትም ሁኔታ ኪሣራ ነው። «መያዣ» ደግሞ ለተንቀሳቃሽ ዕቃም ለቤትም ያገለግላል፤ የሁለቱ ሥርዓት ግን የተለያየ ነው። በእነዚህ ሁሉ አማርኛው አንድ፥ ሐሳቡ ግን ብዙ ነው።

ይሁንና አማርኛው ሁልጊዜ ደካማው ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ ስለ አንድ ዓይነት መያዣ ተጽፏል፤ እንግሊዝኛው «አንቲክሬሲስ» ይለዋል። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ መዝገበ ቃላት የማይገልጥ ተማሪ አይገኝም። ባላገሩ ግን ነገሩን «ወለድ አገድ» ብሎ ከጥንት ያውቀዋል፤ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ይበላል ማለት ነው። ተማሪው ከአባቱ ቤት ያመጣውን ዕውቀት በባዕድ ቃል ተሸፍኖ ስላገኘው እንደ እንግዳ ነገር ያጠናዋል።

ሌላም አደጋ አለ። ቋንቋ ብቻውን አይመጣም፤ የባለቤቱን ሕግ ይዞ ይመጣል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የውል መጻሕፍትን የሚያነብ ተማሪ፥ ውል ይጸና ዘንድ «ኮንሲደሬሽን» የሚባል መለዋወጫ ጥቅም ያስፈልጋል የሚለውን የእንግሊዝና የአሜሪካ ደንብ ያገኛል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ይህን አይጠይቅም። የወንጀል ክርክርን ከአሜሪካ መጻሕፍትና ፊልም የተማረም፥ በአገራችን ችሎት የሌለውን የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ሲያስብ ይኖራል።

፬. ጉዳቱ የማን ነው?

ተማሪው በራሱ ብቻ የሚጐዳ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ተደንግጓል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ ይወስናሉ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ. ም. ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ሆኗል፤ ውሳኔዎቹ የተጻፉትና በቅጽ የታተሙት በአማርኛ ነው። እንግዲህ ተማሪው አምስት ዓመት የሚያጠናው የማይጸናውን ዓምድ ሆኖ፥ የሚጸናውን ዓምድ ግን በሥራ ላይ እያለ በባለጉዳዩ ኪሳራ ሊማረው ነው።

ባለጉዳዩ ማን ነው? ከባሏ ጋር የንብረት ክርክር ያላት ሴት፥ የቀን ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ፥ ያላየውን ወንጀል ሠርተሃል የተባለ ወጣት ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፥ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ያዛል። ከሳሽና ተከሳሽ አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ሳለ በጠበቃቸው ቃላት አስተርጓሚ ቢያስፈልጋቸው ግን ማን ይቆምላቸዋል? አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት፥ ሰው የተፈረደበትን ሊረዳው እንደሚገባ ስላወቁ ነው። ለምን እንደ ተረታ ያልገባው ሰው በቅሎው በፍርድ ሄደች ለማለት አይቻለውም።

፭. ስለ ተቃራኒው አስተያየት

«እንግዲያውስ ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ ይሁን» የሚል ቢኖር ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፥ በሕግ ትምህርት ቤት የሚቀመጡት ተማሪዎች ከልዩ ልዩ ክልሎች የመጡ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ ችሎት ለመሥራት የሚመለሱ ናቸው። ለእነዚህ ቋንቋው ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው። ሁለተኛም፥ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች፥ የንግድ ውሎችና የሌሎች አገሮች ሕግ የሚገኙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን በር መዝጋት ተማሪውን ማደኽየት ይሆናል። ስለዚህ መፍትሔው አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ሳይሆን፥ ንባቡን ከትርጓሜው ጋር እንደገና ማገናኘት ነው።

፮. ምን ይደረግ?

ለማመልከት የሚያስብ ወጣት ምርጫውን ከመሙላቱ በፊት አንድ የነጋሪት ጋዜጣ ቁጥር ይዞ ሁለቱን ዓምዶች ያነብብ። ሁለቱም ቢከብዱት አያስደንቅም፤ ሁለቱንም ለመልመድ ትዕግሥት አለኝ ወይ ብሎ ግን ራሱን ይጠይቅ። በእንግሊዝኛ ውጤቱ የሚመካ ሰው አማርኛውን ወይም የክልሉን ቋንቋ አይናቅ፤ በአፉ ቅልጥፍና የሚመካም «ተሟጋች ነህ» ስለተባለ ብቻ አይግባ።

የገባው ተማሪ ለየትምህርቱ አንድ ደብተር ለይቶ፥ በአንድ በኩል የእንግሊዝኛውን፥ በሌላው በኩል ሕጉ የሚጠቀምበትን የአገር ውስጥ ቋንቋ ቃል ከነአንቀጹ ይመዝግብ። የሰበር ውሳኔዎችን ከመማሪያ መጽሐፉ ጐን ያንብብ። ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ስለ ሆነ በዕረፍቱ ቀን ወደ ልደታ ወይም በአካባቢው ወዳለው ፍርድ ቤት ሄዶ ዳኛው እንዴት እንደሚጠይቅ፥ ጠበቃው እንዴት እንደሚመልስ ይስማ። ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች በሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ ውስጥ ገብቶ የድኾችን አቤቱታ መጻፍም ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው፤ የጻፈውን ለባለጉዳዩ አንብቦለት ባለጉዳዩ «አዎን፥ ነገሬ ይኸው ነው» ካለው ጽሑፉ ተፈተነ ማለት ነው።

ከመምህራኖቻችን የምንለምነውም ብዙ አይደለም። በየትምህርቱ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ እንኳ ክስ፥ መልስ ወይም የውል ረቂቅ በሥራ ቋንቋ እንዲጻፍ ቢደረግና ማርክ ቢሰጥበት፥ ተማሪው ነገሩን እንደ ትርፍ ሥራ አይቈጥረውም። የየክልሉ ተማሪዎችም በየቋንቋቸው የሕግ ቃላትን እየሰበሰቡ ቢያነጻጽሩ፥ ለሚመጡት ተማሪዎች ስንቅ የሚሆን ጥናት ይወጣዋል። ይህ መጽሔትም እንዲህ ያለውን ስብስብ ለማተም ተገቢ ቦታ ነው ብለን እናምናለን።

የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው አንድ ቀን ያልፋል፤ የመውጫውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ግን በየቀኑ ነው፤ ፈታኙም ወረቀቱን ይዞ በጠበቃው በር ላይ የሚቆመው ሰው ነው።