ደመናና የዋልታ ባሕር በረዶ

ደመና ምድርን ያቀዘቅዛል ወይስ ያሞቃል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙዎቻችን «ያቀዘቅዛል» ብለን እንመልስ ይሆናል፤ በቀን ፀሐይን ሲጋርድ እናየዋለንና። ነገር ግን በደጋ ያደገ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወድቀው ሰማዩ በጠራበት ሌሊት እንደ ሆነ ያውቃል። ደመና ካለ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ተቀብሎ ከፊሉን ወደ ታች ስለሚመልሰው እንደ ጋቢ ያገለግላል። እንግዲህ ደመና ሁለት ሥራ አለው፤ የትኛው እንደሚያይል በብዙ የሚወስነው ከበታቹ ያለው ነገር ነው።

ይህ ጥያቄ በሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ እጅግ ከባድ ሆኗል። ከ1979 ዓ. ም. ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያ አካባቢ የሞቀው ከመላው ዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው። በቋንቋችን በረዶ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚያጠቃልል፥ የረጋውን የውቅያኖስ ውሃ «የባሕር በረዶ»፥ እንደ ብናኝ የሚወርደውን «አመዳይ» እለዋለሁ። አመዳይ የለበሰ የባሕር በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 እጅ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ ክፍት ባሕር ግን ከመቶ 10 እጅ እንኳ አይመልስም። ስለዚህ በነጩ በረዶ ላይ የደመናው ጥላ የሚያስቀረው ሙቀት ጥቂት ነው፥ አብዛኛው ብርሃን ቀድሞም ሊመለስ ነበርና፤ ጋቢነቱ ያይላል። በረዶው ቀልጦ ጥቁሩ ባሕር ሲገለጥ ግን ያው ደመና በበጋው ፀሐይ አቀዝቃዥ ይሆናል።

ይህን ከሳተላይት ብቻ መመርመር አይበቃም። ከላይ ሲታይ ነጭ ደመና በነጭ በረዶ ላይ ነው፤ በውስጡ የያዘውም በግልጽ አይለይም። ዋነኛው ጉዳይ ደግሞ እርሱ ነው። የዚያ አገር ደመና ከዜሮ በታች 10 ወይም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ እንኳ ያልረጋ የውሃ ጠብታ ይዞ ይገኛል፤ ጠብታ የበዛበት ደመና የበረዶ ቅንጣት ብቻ ካለበት ይልቅ ሙቀትን አጥብቆ ወደ ታች ይመልሳል። ቅንጣቶቹ የጠብታዎቹን እርጥበት እየወሰዱ ሲያድጉ ደመናው ይሳሳል። በኮምፒዩተር የሚሠራው ስሌት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ሚዛን ላይ ስለ ሆነ፥ ደመናው ውስጥ ገብቶ መለካት ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ የጀርመን አገሩ አልፍሬድ ቬግነር ተቋም ፖላር 5 እና ፖላር 6 የተባሉ ሁለት አይሮፕላኖች አሉት። ሳነብ የገረመኝ፥ አዲስ ሞተር ተገጥሞላቸው የታደሱ ዲ. ሲ. 3 መሆናቸው ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ዓ. ም. በረራ የጀመረው በዚሁ ዐይነት አይሮፕላን ነበርና። በ2017 ዓ. ም. በሜይና በጁን ከኖርዌይ የስቫልባርድ ደሴቶች እየተነሡ፥ አንደኛው ከደመናው በላይ ሆኖ በራዳርና በሌዘር ብርሃን ወደ ታች ሲመለከት፥ ሁለተኛው በውስጡ እያለፈ የጠብታዎቹንና የቅንጣቶቹን ብዛትና መጠን ለካ። የሚፈለገው ጠብታ ራሱ ክንፍ ሲነካ ስለሚረጋ፥ አብራሪው በዚያ ውስጥ እንዳሻው ሊቆይ አይችልም። በ2022 ዓ. ም. በማርችና በአፕሪል ደግሞ ሃሎ የተባለ ከፍ ብሎ የሚበር አይሮፕላን ከስዊድን ከተማ ከኪሩና እየተነሣ ተጨመረ፤ ከበረዶው ላይ ወደ ክፍት ባሕር የሚነፍሰውን ቀዝቃዛ አየር በመንገዱ እየተከተሉ መረመሩት።

ከ2017ቱ በረራ የተገኘ አንድ ውጤት የቀድሞውን ስሌት የሚያርም ነው። አመዳይ ሰማዩ ቢጠራም ቢደምንም ከሚደርሰው ብርሃን እኩል እጅ ይመልሳል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይሰላ ነበር። ነገር ግን ለዐይን የማይታየውንና አመዳይ የሚውጠውን የብርሃን ክፍል ደመናው አስቀድሞ ስለሚያስቀረው፥ ከደመና በታች ያለ አመዳይ ከደረሰው ብርሃን የበለጠውን እጅ ይመልሳል። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ከተገመተው የበለጠ ይውጣል። እንግዲህ የደመናው ጥላ፥ በነጩ በረዶ ላይ እንኳ ሆኖ፥ የሚያስቀረው ሙቀት ቀድሞ ከታሰበው ይበልጣል።