«ቆርቆሮ» የምትባለው ትንሽ መኪና

መንገድ ላይ ግጭት ሲደርስ የሚሰበሰበው ሰው መጀመሪያ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ቀጥሎ በመኪናው ላይ ይፈርዳል። አፍንጫዋ ተጨማዶ የቆመች ትንሽ መኪና ከሆነች ፍርዱ አይዘገይም። «ቆርቆሮ እኮ ናት!» ይላል አንዱ። ዕድሜው ገፋ ያለው ሌላው ደግሞ ላዳውን፣ ቮልሱን፣ ሴይቼንቶውን እያነሳ «ድሮ ነበር መኪና! ብረት ነበር!» እያለ ይቀጥላል። የመኪናዋ ሾፌር በዚህ ጊዜ እዚያው ጥግ ቆሞ ለሚስቱ ስልክ እየደወለ ሊሆን ይችላል። ያንን ግን ልብ የሚለው የለም።

«ብረት ነበር» የሚለው ክርክር ተፈትኗል። በ1959 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተመሠረተው የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት በ2009 የ50ኛ ዓመት በዓሉን ያከበረው ሁለት መኪና በማላተም ነበር። አንደኛው በተቋሙ የልደት ዓመት የተሠራ ሼቭሮሌት ቤል ኤር፣ ሁለተኛው የ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ነው። በክብደት ብዙም አይራራቁም። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየበረሩ በሾፌሩ በኩል ባለው የፊታቸው ግማሽ ተላተሙ። ቤል ኤር ረጅም፣ ሰፊ፣ በክሮም ያሸበረቀ፣ በዘመኑ ሰው የሚያስቀና መኪና ነው። በቪዲዮው ላይ ግን የፊት መስታወቱን የያዘው ምሰሶ ሲታጠፍ፣ መሪው ወደ ሾፌሩ ሲገፋ፣ የተሳፋሪው ክፍል እንዳለ ሲደረመስ ይታያል። የኢንስቲትዩቱ መሐንዲሶች እዚያ ወንበር ላይ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሞት ነበር አሉ። የማሊቡው ሾፌር እግሩ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ነው። ማሊቡ አፍንጫው እንዳልነበረ ሆኗል፤ በስተኋላ ያለው ክፍል ግን ቅርጹን አልለቀቀም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ የመርካቶን ወዛደር ማየት ይበቃል። ከመኪና ላይ የሚወረወርለትን ጆንያ ሲቀበል ጉልበቱን ሰበር፣ ወገቡን ለጠጥ ያደርጋል እንጂ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ቀጥ ብሎ ቢቆም ወገቡ ይሰበራል። ጆንያው ያው ጆንያ ነው፤ ልዩነቱ የሚቆምበት ርቀት ነው።

በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር መሮጥ ከ16 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ግድም፣ ቁልቁል ወድቆ መሬት ሲነኩ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ሰው እዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ ምንም አይሰማውም፤ የሚጎዳው አቋቋሙ ነው። ፍጥነቱን ቀነስ አድርገን በ50 ኪሎ ሜትር እናስላው። ሰውየው 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት እየተጓዘ ቀስ በቀስ ቢቆም፣ ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ጫና የራሱን ክብደት 16 ጊዜ ያህላል። ከባድ ነው፤ ቀበቶ ያሰረ ጤነኛ ሰው ግን ይችለዋል። በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ማለትም በደረቱ ክሩስኮቶውን ቢመታ፣ ጫናው ወደ 200 ጊዜ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያሉት 55 ሴንቲ ሜትሮች ከየት ይመጣሉ ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ከሚጨማደደው ኮፈን።

ይህን መጀመሪያ በወረቀት ያሰፈረው ኦስትሪያ የተወለደው የመርሴዲስ ቤንዝ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ ነው። እስከ እሱ ጊዜ ድረስ ጠንካራ መኪና ማለት ከፊት እስከ ኋላ ድርቅ ያለ መኪና ማለት ነበር። ባሬኒ መኪናውን ሦስት ቦታ ከፈለው፤ የሚታጠፍ ፊት፣ የሚታጠፍ ኋላ፣ በመሃል የማይነቃነቅ የሰው ክፍል። የባለቤትነት መብቱን በ1952 አገኘ፤ ሐሳቡ በመደበኛ ምርት ላይ የዋለው በ1959 በወጣው መርሴዲስ ነው። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ዛሬ ሁላችን የምናውቀውን፣ ደረትንም ወገብንም የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ያወጣው በዚያው በ1959 ነው። ቮልቮ ቀበቶውን ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ያ ምስኪን ቤል ኤር የተወለደው እንግዲህ መፍትሔው በተወለደበት ዓመት ነበር፤ ውቅያኖስ ለያያቸው እንጂ።

በዘመናዊ ትንሽ መኪና ውስጥ ያለው ብረት አንድ ዓይነት አይደለም። ከፓራውልቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ረጃጅም ሣጥኖች እንደ አኮርዲዮን እንዲታጠፉ ታስበው ይሠራሉ። የበሩ ምሰሶዎች፣ የጣሪያው ጠርዝና የወለሉ ጎኖች ደግሞ በእሳት ግሎ በሻጋታ ውስጥ ተጨምቆ በቀዘቀዘ ልዩ ብረት ይሠራሉ፤ ከተራው ላሜራ ብዙ እጥፍ ይጠነክራል። ግጭቱ ከጀመረ አንስቶ ሁሉ ነገር የሚያልቀው አንድ ሰከንድ ለአሥር ቢካፈል ከአንድ ወይም ከአንድ ተኩል እጅ በማይበልጥ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ መለኪያው ግጭቱን ይለያል፣ ቀበቶው ራሱን ሰብስቦ ያጠብቃል፣ ኤርባጉ ይነፋል፤ ሰውየው ዓይኑን ሳይጨፍን ነገሩ አልቋል። መሪው ላይ «ኤስ አር ኤስ» የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው የፋብሪካ ምልክት ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን «ተጨማሪ መያዣ» እንደማለት ነው። ዋናው ቀበቶው ነው፤ ኤርባጉ የሱ ረዳት። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ኤርባጉ ገና ሲፈነዳ ይደርስበታል፤ ያኔ ትራስ ሳይሆን ቡጢ ነው።

እስካሁን ትንሿን መኪና ስናወድስ ቆይተናል። አሁን የማይመቸው ክፍል ይመጣል።

ያው የአሜሪካ ኢንስቲትዩት፣ በዚያው በ2009፣ ሦስት ጥንድ መኪኖችን አላተመ። ስማርት ፎርቱን ከመርሴዲስ ሲ ክላስ፣ ሆንዳ ፊትን ከሆንዳ አኮርድ፣ ቶዮታ ያሪስን ከቶዮታ ካምሪ። ሆን ብሎ የአንድ ቤት ልጆችን ነው ያጋጠመው፤ ልዩነቱ የሥራ ጥራት ሳይሆን የክብደት እንዲሆን። ሦስቱም ትንንሾች ቀደም ሲል ከግንብ ጋር በማላተም በሚደረገው ፈተና ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙ ነበሩ። ከታላቆቻቸው ጋር ሲላተሙ ግን ሦስቱም ዝቅተኛውን ደረጃ አገኙ። ስማርቷ ከመሬት ተነስታ አየር ላይ ከአንድ ዙር በላይ ዞረች። ያሪስ፣ ማለትም እኛ ቪትዝ የምንላት የቶዮታ ልጅ፣ የሾፌሩ በር አብዛኛው ተገንጥሎ ተገኘ።

ይህ የማንም ፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ የክብደት ሕግ ነው። 1 ቶን የምትመዝን ትንሽ መኪናና 1.5 ቶን የሚመዝን ሴዳን ሁለቱም በ64 ኪሎ ሜትር ቢገጣጠሙ፣ ተጣብቀው ወደ ትንሿ አቅጣጫ በ13 ኪሎ ሜትር ግድም ይገፋሉ። የትልቁ ሾፌር ፍጥነቱ በ51 ተቀነሰ፤ የትንሿ ሾፌር ግን በ64 መቆሙ ሳያንስ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ በድምሩ 77። የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ 51 እና 77 በቁጥር የሚቀራረቡትን ያህል በሰውነት ላይ አይቀራረቡም፤ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው ልዩነቱ። ለዚህ ነው ፈታኞች የሚሰጡት የደህንነት ኮከብ ክብደታቸው በሚለያይ መኪናዎች መካከል እንደ ፈተና ውጤት የማይነጻጸረው። ከግንብ ጋር የሚደረግ ፈተና መኪናዋን ከራሷ ክብደት ጋር ነው የሚያጋጥማት። ባለ 5 ኮከብ ትንሽ መኪና ከሌላ ትንሽ መኪና ትበልጣለች ማለት ነው እንጂ ከፒክአፕ ጋር ትተካከላለች ማለት አይደለም።

የአውሮፓው የመኪና ፈታኝ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕ ይህን ጣጣ ለማስታረቅ በ2020 ፈተናውን ለወጠው። አሁን መኪናው በ50 ኪሎ ሜትር የሚጋጨው እሱም በ50 ኪሎ ሜትር ከሚመጣ፣ 1,400 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ጋር ነው። ግድግዳው በምን ያህል እንደተቀጠቀጠም ይለካል፤ ለራሱ ደህና ሆኖ ሌላውን የሚጨርስ መኪና ነጥብ ይቀነስበታል። በዚህ በከበደው ፈተና ቀድመው 5 ኮከብ ካገኙት አንዷ ያቺው ያሪስ ናት፤ አዲሱ ትውልድ፣ በሾፌሩና በጋቢናው ተሳፋሪ መካከል ሳይቀር ኤርባግ ያለው።

ኮከብ እንደ መድኃኒት የሚያበቃበት ጊዜ እንዳለው ግን ሻጭ አይነግርም። ፊያት ፑንቶ በ2005 ባለ 5 ኮከብ ነበር፤ ብዙም ሳይለወጥ እየተሸጠ ቆይቶ በ2017 እንደገና ሲፈተን 0 ወጣለት። መኪናው አልተበላሸም፤ ዓለም ቀድሞት ሄደ።

የማይበቃ መኪና ለደሃ አገር ገበያ መሸጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያስቆጣኝም እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የመኪና ፈታኝ ድርጅት ግሎባል ኤንካፕ በ2014 በህንድ የሚሸጡ ትንንሽ መኪኖችን ያለ ኤርባግ የሚሸጠውን ርካሽ ዓይነት እየመረጠ ፈተነ። ሱዙኪ አልቶ፣ ታታ ናኖ፣ ሃዩንዳይ አይ10፣ ፎርድ ፊጎ፣ ፎልክስቫገን ፖሎ ሁሉም 0 ኮከብ አገኙ። ፖሎ ሁለት ኤርባግ ሲጨመርለት በአንድ ጊዜ ወደ 4 ኮከብ ወጣ፤ አካሉ ደህና ነበረ፣ የጎደለው ትራሱ ብቻ። ናኖና አልቶ ግን አካላቸው ራሱ ስለሚፈርስ ኤርባግ ቢጨመርም እምብዛም አይረዳቸውም ነበር። በ2017 ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ፈተና ቼሪ ኪውኪው 0፣ ቶዮታ ኢቲዮስ 4 ኮከብ አገኙ። ሁለቱም ትንሽ፣ ሁለቱም በርካሽ የሚሸጡ። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ምን ይጠበቃል» የሚለው ሰበብ አይሠራም። የአንዱን የሱዙኪ ቤተሰብ ጉዞ ብቻ ብናይ እንኳ፣ ኤርባግ የሌለው ስዊፍት በ2014 ባዶ፣ ስዊፍት ግሎባል ኤንካፕ ፈተናውን ካከበደ በኋላ በ2022 1 ኮከብ፣ አዲሱ ዲዛየር በ2024 5 ኮከብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዲዛየር የሞላ ነውና ገዢ ስሙን ብቻ አይቶ እንዳይደሰት፤ 5 ኮከቡ ለአዲሱ ትውልድ እንጂ ለቀደመው አይደለም።

ወደ እኛ መንገድ ስንመጣ ሒሳቡ ይከፋል። ሕዝቡ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙውን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ጭነቱን ጨምሮ 25 ቶን የሚመዝን ገልባጭና 1 ቶን የምትመዝን ቪትዝ ሁለቱም በ50 ቢገጣጠሙ፣ የገልባጩ ሾፌር የሚሰማው ፍሬን ነካ እንዳደረገ ያህል ነው፤ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይቀንስም። የቪትዟ ግን ከ96 በላይ። ከዚህ የባሰው ከቆመ ከባድ መኪና ኋላ መግባት ነው። የጭነት መኪናው ወለል ከፍ ስለሚል የትንሿ ኮፈን ከሥሩ ይሾልካል፤ የሚታጠፈው ክፍል ምንም ሳይታጠፍ ግጭቱ በቀጥታ መስታወቱና ጣሪያው ላይ ያርፋል። ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚገጠመው የብረት መከታ የተፈጠረው ለዚህ ነው። መከታው የተቆለመመ ወይም ጭራሹን የተነሳ የጭነት መኪና በየአውራ ጎዳናው ማየት ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጋራዥ ነው። አንዴ የተጨማደደ ፊት ሥራውን ጨርሷል። ጎበዝ ባትላሜራ እያሞቀና እየቀጠቀጠ ቅርጹን ይመልስለታል፤ ስቱኮና ቀለም ሲጨመርበት ልዩነቱን ባለቤቱም አያውቀውም። ያ በእሳት የጠነከረ ብረት ግን ዳግም በእሳት ሲነካ ጥንካሬው ይጠፋል፤ መታጠፍ ያለበትም በድርብ ብየዳ ከደነደነ በታሰበለት ቦታ አይታጠፍም። ለሁለተኛው ግጭት መኪናዋ በመልክ ያቺው፣ በሥራ ሌላ ናት።

ከ2024 ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አዲሶቹ ትንንሾች የኤሌክትሪክ ናቸው። ባትሪያቸው ያከብዳቸዋል፤ በክብደት ሕግ ይህ ለተሳፋሪው ይጠቅማል፣ ለሚገጩት ግን አይደለም። ኤሌክትሪክ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በዩሮ ኤንካፕ ቢዋይዲ ዶልፊን በ2023 5 ኮከብ ሲያገኝ፣ ዳቺያ ስፕሪንግ በ2021 ያገኘው 1 ብቻ ነው።

ያገለገለ ትንሽ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት አንድ ነገር ያድርግ። ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ያዙርና ክሩስኮቶው ላይ የኤርባጓን መብራት ይፈልግ፤ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት ክብ ነገር ያለበት ምልክት ነው። መብራቷ በርታ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ መጥፋት አለባት። ሳትጠፋ ከቀረች ብልሽት አለ። ጭራሹን ካልበራች ግን ኤርባጉ አንድ ቀን ፈንድቶ አልተተካም፣ መብራቷን ደግሞ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቷታል ብሎ መጠርጠር ነው።